ማይክሮፎኑን ያስጎነበሰችው አሳየች

በናዝሬት፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ አንድ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ አሳየች ጉተማ በማይክሮፎን እንድትናገር የተፈቀደላት ሦስት ቃል ብቻ ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስብሰባ ባለ ቁጥር ገመዱን የምትዘረጋው እሷ ናት፤ ድምፅ ማጉያውን ምሰሶ ላይ የምትሰቅለው እሷ ናት፤ ማይክሮፎኑን በቀሚሷ ጫፍ ወልውላ መቆሚያው ላይ የምትሰካውም እሷው ናት። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብላ ሞክራ ትወርድና ጓዶቹ ይወጣሉ። እነሱ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲናገሩ ይውላሉ፤ ድምፃቸው ጥርት ብሎ እስከ ጋሪ ተራ ይሰማል። ይህ በማን እጅ እንደሆነ ግን አንድም ቀን የጠየቀ የለም። በሥራ መደቧ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ሰፈሩ ደግሞ «አሳየች ሽቦ» ይላታል።

እስቲ ፍረዱ! ማጉያው ሲያፏጭ የሚጠሩት አሳየችን ነው፤ ማጉያው ሲያምር የሚመሰገነው ተናጋሪው ነው።

የተወለደችው ወንጂ፣ ሸንኮራ አገዳ ቆራጮች ከሚኖሩበት ካምፕ ነው። እናቷ ታናሽ ወንድሟን ጃራን ወልዳ ዓመት ሳትቆይ ስትሞት አሳየች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ሕፃኑን አዝላ ውኃ ቀዳች፣ አዝላ እንጨት ለቀመች፣ አዝላ አባቷን ቀበረች። ከዚያም ናዝሬት ገብታ ከዋናው መንገድ ዳር ባለ ሆቴል ወለል ወልዋይ ሆነች። ሆቴሉ ቅዳሜና እሑድ የሚያስጨፍር ባንድ ነበረው። ባንዱ ከሰዓት በፊት ሲለማመድ አሳየች በጉልበቷ ተንበርክካ ወለሉን ትወለውላለች፤ ጃራ ደግሞ ጊታር መቺው እግር ሥር ተቀምጦ ጣቶቹን ያያል። ልጁ ጊታር የተማረው እንዲያ ነው።

እሷም ዝም ብላ አልወለወለችም። የጊታሩ አምፕሊፋየር መሬት ላይ የተቀመጠ፣ ፊቱ በጨርቅ የተሸፈነ ትልቅ ሳጥን ነበር። ሙዚቀኞቹ ቆመው ስለሚጫወቱ ድምፁ በጉልበታቸው ሥር ያልፋል፤ ጆሮዋ ከጨርቁ ትይዩ የሚውለው ወለል ላይ የተንበረከከችው አሳየች ብቻ ናት። እዚያ ሆና ማንም ያላወቀውን አወቀች። ከሳጥኑ መሀል ትክክል ጆሮ ሲደረግ ድምፁ ይናከሳል። ወደ ዳሩ ሲኬድ ይደፈርሳል። በመሀሉና በዳሩ መካከል ግን አንድ ቦታ አለ፤ እዚያ ጊታሩ ሰው ይመስላል። ቦታው እንዳይጠፋባት አንድ ቀን መርፌዋን አውጥታ ጨርቁ ላይ በቀይ ክር ትንሽ መስቀለኛ ጠቀመችበት። ባንዱ የተቀደደ የጣፈች መስሎት አመሰገናት።

አብዮቱ መጣና ሆቴሉ ተወረሰ። ወንበሮቹ፣ ጠረጴዛዎቹ፣ አምፕሊፋየሩና ጊታሩ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሲሄዱ አሳየችም አብራ ሄደች። ከወንበሮቹ ጋር ተላለፈች ማለት ይቀላል፤ የጠየቃት የለምና።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሐዲስ ይባላል። ቀድሞ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበር፤ ከተሾመም በኋላ ሰውን ሁሉ የሚያየው ትኬት እንዳልቆረጠ ተሳፋሪ ነው። ክፉ ሆኖ አልተወለደም ይሉ ነበር የሚያውቁት። እኛ ያወቅነው ግን ከተወለደ በኋላ ነው።

በ1976 ዓመተ ምሕረት ሁለት ነገር ተከታትሎ መጣ። አንደኛው የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ነው፤ ቀበሌው የወጣቶቹን ስም ዝርዝር አወጣ፤ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው የሃያ ሁለት ዓመቱ ጃራ አራተኛ ላይ ነበር። ሁለተኛው ለአሥረኛው የአብዮት በዓል የሚደረግ የኪነት ውድድር ነው። የቀበሌው ኪነት ቡድን አሥራ አምስት ሰው አለው፤ በጃራ ጊታርና በፈይሳ ከበሮ የሚታጀብ አንድ የታወቀ ጭፈራም አለው። መራጩ ኮሚቴ በየቀበሌው ከሚዞር፣ እያንዳንዱ ቡድን ሙዚቃውን በካሴት ቀድቶ እንዲልክ ታዘዘ።

ጓድ ሐዲስ ቡድኑን ሰብስቦ «ካሴታችን ካለፈ፣ የኪነት ጓዶች በሙሉ ለበዓሉ ስለሚፈለጉ ከምልመላው ዝርዝር ይወጣሉ። ቃሌ ነው» አለ።

አሳየች ይህን የሰማችው ከአዳራሹ ጥግ መጥረጊያ ይዛ ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ካሴቱ ለእሷ ካሴት አልነበረም፤ የጃራ ነፍስ ነበር።

የቀረጻው ቀን ደረሰ። አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ ቴፕ፣ አንድ ባዶ ካሴት። አሳየች ማይክሮፎኑን ከመቆሚያው ልትነቅል እጇን ስትዘረጋ ሐዲስ ጮኸ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ዝቅ አድርጌ በርጩማ ላይ ላስቀምጠው ነበር። ከአምፕሊፋየሩ ጨርቅ ስንዝር ያህል ይጠጋ፤ አለዚያ ጊታሩ ከሩቅ ይሆናል።»

«ይህ የሰፊው ሕዝብ ድምፅ የሚተላለፍበት ማይክሮፎን ነው! ጓዶች ቆመው እያሉ ለሳጥን ልታሰግጂው?»

«ድምፁ የሚወጣው ከሳጥኑ ስለሆነ ነው።»

«ቀጥ ብሎ ይቁም ብያለሁ።»

ቀጥ ብሎ ቆመ፤ መድረኩ መሀል፣ በሰው አፍ ቁመት፣ ከሳጥኑ ስድስት እርምጃ ርቆ። አሳየች ሌላውን ለመነች። የኪነቱ ልማድ ሙዚቃ በመፈክር መጀመር ነው፤ በየመሀሉም እጅ እያነሱ ይፈክራሉ።

«እሺ ማይክሮፎኑ ይቁም፤ መፈክሩ ግን ከበሩ ጋ ሆኖ ይባል። ይህ ቴፕ ጩኸት ሲሰማ ራሱን በራሱ ይደፍናል፤ መልሶ እስኪከፍት ጊዜ ይፈጃል። ከመፈክሩ ቀጥሎ ያለውን ጊታር ይውጠዋል።»

«መፈክር ከሩቅ?» አለ ሐዲስ። «መፈክር የሚፈራ ቴፕ አለ እያልሽኝ ነው?»

ከኪነቱ ልጆች አንዱ ሊስቅ ጀመረና በምን እንደሳቀ እንዳይጠየቅ ሳል አስመሰለው። ሐዲስ ራሱ ማይክሮፎኑን አፉ ውስጥ ሊከተው ምንም ሳይቀረው ፈከረ፤ አሥራ አምስቱ ተቀበሉት። ከዚያ ጃራ መታ። መሀል ላይ ደግሞ ተፈከረ። መጨረሻም ላይ ተፈከረ። ካሴቱ ሲከፈት መፈክሩ አዳራሹን ያንቀጠቅጣል፤ ጊታሩ ቆርቆሮ ውስጥ የገባች ንብ ይመስላል። ሐዲስ ግን የሰማው የራሱን ድምፅ ነውና «በጣም ግሩም!» ብሎ ላከው።

በሦስተኛው ሳምንት ካሴቱ ከኮሚቴው አጭር ማስታወሻ ይዞ ተመለሰ። «መፈክሩ ጥሩ ነው። ጊታር አላችሁ ወይ? በአሥር ቀን ውስጥ ደግማችሁ ላኩ» ይላል። ሐዲስ ማስታወሻውን በሰው ፊት አነበበና ዞር ብሎ አሳየችን አያት።

«ገመዱን አልወለወልሽውም» አላት።

ቆሽቷ አረረ። አፏን ብትከፍት የሚወጣውን ስለምታውቅ አልከፈተችም፤ የጃራ ስም የተጻፈበት ወረቀት ያለው በዚህ ሰው ኪስ ነው። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። የአሳየች ዝምታ ግን ያን ቀን ነቅዞ ሊወጣ ምንም አልቀረው።

እግዜር ሲረዳ፣ ሐዲስ በማግስቱ ለአንድ ወር ሴሚናር ደብረ ዘይት ተጠራ። ቁልፉ ያለው ጽዳት ሠራተኛዋ ጋ ነው፤ መቼስ አዳራሽ ሳይጠረግ አይከርም።

ረቡዕ ከረፋዱ ላይ ጃራንና ፈይሳን ጠራችና አዳራሹን ዘጋችው። በመጀመሪያ አምፕሊፋየሩን ከወለሉ አንሥታ የለስላሳ ሳጥን ላይ አስቀመጠችው፤ ወለሉ አብሮ እንዳያጉረመርም። ከጀርባው የዘበኛውን ፍራሽ አቆመች። በርጩማ አምጥታ ነጠላዋን አጣጥፋ አነጠፈችበት፤ ማይክሮፎኑን ከመቆሚያው ነቅላ እንደ ሕፃን አስተኛችው። ከዚያ ተንበረከከች። ቀይ ክሩ ጨርቁ ላይ ነበር፤ አሥር ዓመት አልፎት ቀለሙ ደብዝዟል እንጂ አልተፈታም። የማይክሮፎኑን አፍ ወደ ክሩ አዙራ በስንዝሯ ለካች። ፈይሳን ከነከበሮው በሩ ጋ አቆመችው።

ቴፑን ከፍታ ስትሞክረው ግን ጊታሩ እንደ ሰካራም ተጎተተ። ወዲያው ገባት፤ ከአዳራሹ ግድግዳ ጋር የተያያዘ ወፍጮ ቤት አለ፤ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር የሰፈሩ መብራት ይደክማል፤ የቴፑም መዘውር አብሮ ይደክማል። ሮጣ ሄደች።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ቀመሪያ፣ ሻሻቸው ሁሉ ዱቄት የለበሰ ኮስታራ ሴት ናቸው። በራቸው ላይ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ከነእህላቸው ተሰልፈዋል፤ ከመልካሳ አህያ ጭነው ማልደው የመጡም አሉ።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ቀመሪያ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው።

«ነጋ፣ ነጋ። ምነው ልጄ፣ ላብ በላብ ሆንሽ?»

«አንድ ዘፈን የሚያህል ጊዜ ወፍጮውን ያቁሙልኝ። ጊታር ልቀዳ ነው።»

«ለጊታር?» አሉ ቀመሪያ። «ይህ ሁሉ ሰው ቆሞ?»

አሳየች የካሴቱን ነገር ነገረቻቸው። በሰልፉ መሀል ልጇ ቀድሞ የተወሰደባት ሴት ነበረች፤ እህሏን ከራሷ አወረደችና «የኔው እንኳ ሄዷል። አቁሙላት» አለች። ቀመሪያ ሌላ ቃል ሳይናገሩ ቀበቶውን ለቀቁት። ወፍጮው ዝም ሲል ሰፈሩ ሁሉ ዝም ያለ መሰለ። ሴቶቹ ከአዳራሹ መስኮት ሥር መጥተው ተቀመጡ። አንዷ አህያዋ እንዳትጮህባት አፍንጫዋን ግጥም አድርጋ ያዘች።

«እትዬ፣ እንዴት ልምታው?» አላት ጃራ።

«እኔ ወለል ስወለውል እንደምትመታው ምታው።»

መታው። ያለ መፈክር፣ ያለ ጭብጨባ፣ አምስት ደቂቃ ያህል መታው። አሳየች ቴፑ አጠገብ ተንበርክካ መዘውሩ ሲዞር ታያለች። ሲጨርስ ካሴቱን መልሳ ከፈተችው። ጣቱ የጊታሩን ክር ሲነካው ሳይቀር ይሰማል። የፈይሳ ከበሮ ከሩቅ፣ ልክ በሚገባው ቦታ ይመታል። ከመስኮቱ ሥር አንዲት ሴት «ውይ» አለች።

«ይህ እኔ ነኝ?» አለ ጃራ።

«አንተ ነህ። ሁልጊዜም እንዲህ ነበርክ፤ የሚሰማህ አልነበረም እንጂ።»

የኪነቱን ልጆች ሌላ ካሴት ላይ መፈክር አስፈክራ፣ ጥብጣቡን ከፊቱ ቀጠለችበትና ላከችው። ሐዲስ ከሴሚናሩ ሲመለስ ደብዳቤው ቀድሞት ደርሶ ነበር። የቀበሌው ካሴት ከሁሉም አንደኛ ወጥቶ ተመልሷል። ጥራት ላለው የድምፅ ቀረጻ የምስክር ወረቀትም ተልኳል፤ ስሙ የተጻፈው «ጓድ ሐዲስ» ተብሎ ነው። ሐዲስ አላፈረም። ዓይኑን በጨው አጥቦ ወረቀቱን በመስታወት አስገጥሞ ከወንበሩ በላይ ሰቀለው፤ መስታወቱን በየጠዋቱ የምትወለውለው አሳየች ናት።

«ይስቀለው። ከፈለገ ይብላው። የኔ ምስክር ወረቀት ጃራ ነው» አለች።

ወዲያው ከዝርዝሩ የሚወጡት የኪነት ጓዶች ስም ተለጠፈ። አሥራ አምስት ስም አለ። ጃራ የለም። በጃራ ቦታ «ይርጋለም፣ ጊታር» ይላል። ይርጋለም የሐዲስ ሚስት ወንድም ነው፤ ጊታር በእጁ ይዞ አያውቅም።

አሳየች መጥረጊያዋን እንደያዘች ቢሮው ገባች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ስህተት አለ።»

«ስህተት የለም።»

«ካሴቱ ላይ የሚመታው ጃራ ነው። ይርጋለም መምታት አይችልም።»

«ለምን ይምታ?» አለ ሐዲስ፣ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ። «እንዲህ ጥርት ብሎ ተቀድቶ እያለ፣ በበዓሉ ቀን የጊታር ክር ቢበጠስ ማን ሊጠየቅ ነው? ካሴቱን እናጫውታለን፤ ይርጋለም ጊታሩን ይዞ ይቆማል። ማንም አይለየውም። የጃራ ድምፅ እጃችን ገብቷል፤ ጃራ ራሱ ለእናት ሀገሩ ይሂድ።»

ሰው እንዴት ይህን አፉን ሞልቶ ይናገራል? ተናገረ እኮ! ቀረጻዋ ባያምር ኖሮ ጃራ ራሱ መምጣት ነበረበት። ስላማረ አላስፈለገም። የገዛ እጇ ያሳመረው ነገር ወንድሟን ከመድረክ ገፍቶ አወረደው። የሰፈሩ ወሬኛ ይህን ሲሰማ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብሎ ተረተ፤ ሰው ተረት አያጣም። አሳየች ግን ከቆጡ ምንም አልፈለገችም። የብብቷን ነው የቀሟት።

ጃራ በሐምሌ ከሌሎቹ ጋር በመኪና ተጫነ። አሳየች ትምህርት ቤቱ አጥር ድረስ ሸኘችው። አላለቀሰም፤ «እትዬ፣ ካሴቱን እንዳያጠፉት ጠብቂልኝ» ብቻ አላት።

መስከረም ሁለት ደረሰ። ሜዳው በሰው ተሞላ፤ የየቀበሌው ሴቶች ማኅበርም በሰልፍ ወጥቷል፤ ቀመሪያና የወፍጮ ቤቱ ሴቶች መድረኩ አጠገብ ናቸው። አሳየች ከመድረኩ ግርጌ ከቴፑ ጋር ተቀምጣለች። ሐዲስ ጎንበስ ብሎ «እንደለመድሽው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት በይና ካሴቱን ክፈቺ። ሌላ ነገር አትንኪ» አላት። አለች። ከፈተች።

መፈክሩ አለፈና የጃራ ጊታር በሜዳው ላይ ፈሰሰ። ጨፋሪዎቹ ወጡ። መሀላቸው ይርጋለም፣ በአዲስ ካኪ፣ ጊታሩን እንደ ጠመንጃ አንግቶ ቆሟል። ቀኝ እጁን ያወዛውዛል፤ ግራ እጁ ግን ከአንድ ቦታ አይነቃነቅም። ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ያወዛውዛል። በክብር እንግዶቹ ወንበር ላይ ያሉት ያጨበጭቡለታል። ለእሱ! ይርጋለም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ ጊታሩ ግን እጅ ሲነሣም መመታቱን ቀጥሏል።

አሳየች ይህን ጊዜ ጣቷን ሰነዘረችና ቴፑን አቆመችው።

ሜዳው ጭጭ አለ። የይርጋለም እጅ ግን አላቆመም። ዓይኑን ጨፍኗልና፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በዚያ ሁሉ ጸጥታ ውስጥ፣ ድምፅ የሌለው ጊታር ሲመታ ቆየ። መጀመሪያ የሳቁት ቀመሪያ ናቸው። ከዚያ የወፍጮ ቤቱ ሴቶች፤ እነሱ የማን ጊታር እንደሆነ በጆሯቸው ያውቃሉ። ከዚያ ሜዳው በሙሉ ሳቀ።

ሐዲስ ከመድረኩ ዘሎ ወረደ። «ምን ሆነ? መብራት ጠፋ?»

«መብራቱ አለ» አለች አሳየች፣ ተነሥታ ቆማ። «ይምታዋ! ባለጊታሩ እዚያው ቆሟል አይደል?»

ጠባቂዎቹ እስኪደርሱ ካሴቱን ከቴፑ አውጥታ ከኋላዋ ወዳለው ሰልፍ አቀበለችው። ቀመሪያ ተቀበሉ። ኋላ ቤታቸው ሲፈተሽ ካሴቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ዱቄት ውስጥ ነበር፤ ፈታሹ ልብሱ እንዳይነጣ ፈርቶ ዱቄቱን አልነካም።

አሳየች አራት ወር በቀበሌው እስር ቤት ቆየች። ነገር ግን እሷ ከገባች ጀምሮ ሐዲስ አፉን በከፈተ ቁጥር ማጉያው ያፏጭ ጀመር። ሦስት ሰው ሞከረ፤ ሦስቱም አቃታቸው። በመጨረሻ ስብሰባ ባለ ቀን ከእስር ቤት እያወጡ ገመድ ያስዘረጓት፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ያስብሏትና መልሰው ይቆልፉባት ጀመር። እንዲህ ያለ ነገር የት ሀገር ታይቷል? ኋላ መመላለሱ እነሱኑ ስላሰለቻቸው ለቀቋት፤ ወደ አዳራሹ ሥራዋም መለሷት።

በወጣች በወሩ የጃራ ደብዳቤ ከሰሜን ደረሰ። የጦሩ ኪነት ጊታር መቺ ይፈልጋል፤ እሱ ያለበት ምሽግ ውስጥ ግን ጊታር የለም፤ መምታት መቻሉን የሚያሳይበት ነገር አጥቷል። «ካሴቱን ላኪልኝ፤ ከሰሙት ይወስዱኛል» ይላል። ካሴቱ ከዱቄቱ ወጣ። ወደዚያ ስንቅ የሚያመላልስ ገመዳ የሚባል የናዝሬት ሾፌር ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ ወሰደው። አሳየች ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍና ምግብ ረሳች። ቀረጻው መልካም ነው፤ የሰማ ሁሉ ያምናል። በዚህ እርግጠኛ ነበረች።

መልሱ ሲመጣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆማ አነበበችው።

«እትዬ፣ ካሴቱ በደህና ደረሰኝ። መቶ አለቃው በራሱ ቴፕ ከፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማው። ሲያልቅ፣ ‹ይህ የትኛው ስቱዲዮ ነው የተቀዳው?› አለኝ። ‹ናዝሬት፣ የቀበሌ አዳራሽ› አልኩት። ‹ማን ቀዳው?› አለኝ። ‹እህቴ› አልኩት። ‹እህትህ ሥራዋ ምንድን ነው?› አለኝ። ‹አዳራሽ ታጸዳለች› አልኩት። ያኔ ሳቀ፤ አብረውት ያሉትም ሳቁ። ‹ይህን ከሬዲዮ ነው የቀዳኸው፤ የቀጂውን ከዋሸህ የመቺውንም ዋሽተሃል› አለና ካሴቱን ለራሱ አስቀረው። ነገ ወደ ጦር ግንባር እንሄዳለን። ሌላ ስም መጥራት እችል ነበር፤ አስቤውም ነበር። አፌ እንቢ አለኝ። እትዬ፣ ያ ነገር ያንቺ ነው።»

አሳየች ደብዳቤውን አጣጠፈችው፤ መልሳ ዘረጋችው። ከዚያ ጮኸች።

«ምናለ ብትዋሽ! ምናለ የአንድ ወንድ ስም ብትጠራ! ሐዲስ ነው አትልም ነበር? ሐዲስ ነው የቀዳው ብትል እኮ ያምኑሃል፤ ምስክር ወረቀት አለው! ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል! እኔው ነኝ በየቀኑ የምወለውለው!»

ቀመሪያ ወፍጮውን አቆሙ። ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ሰው ስሟን በትክክለኛው ቦታ እንዲጠራላት ፈልጋ ነበር፤ አንድ ሰው ጠራላት፤ ዋጋው ይህ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ አልመጣም። መርዶም አልመጣም። ጃራም አልመጣም።

ደብዳቤው በደረሰ በሳምንቱ ስብሰባ ነበር። አሳየች ገመዱን ዘረጋች፤ ማጉያውን ሰቀለች፤ ማይክሮፎኑን በቀሚሷ ጫፍ ወልውላ መቆሚያው ላይ ሰካችው። አዳራሹ ሞልቷል፤ ጓዶቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

«አንድ» አለች። «ሁለት» አለች። ሦስት አላለችም።

«ጊታር፣ ጃራ ጉተማ። ቀረጻ፣ አሳየች ጉተማ።»

ሐዲስ ከወንበሩ ተነሣ። «ምንድን ነው ይህ?»

«ሙከራ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች፣ ከመድረኩ እየወረደች። «ጥርት ብሎ ይሰማል አይደል?»

ሊያስራት ፈለገ፤ ማጉያው ማፏጨቱ ትዝ አለውና ተወው። እሱና ጓዶቹ ቢሮውን ጥለው እስኪሄዱ ድረስ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ስብሰባ ባለ ቁጥር ማይክሮፎኑን የሞከረችው እንዲያ እያለች ነው። ጋሪ ተራ ያሉት ባለጋሪዎች እንኳ በቃላቸው ይዘውት ነበር።